ዝባዱ እንዳይደርቅ

አስር ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ መንግሥት ማለት ጋሼ ሙነወር ነበሩ። ማንም አልነገረኝም፤ ራሴ አይቼ የደረስኩበት ነው። በመቱ ገበያ ዳር ባለችው ሱቃቸው በረንዳ ላይ፣ በጠፍር ወንበር ተቀምጠው ያስታርቃሉ፣ ይፈርዳሉ፣ ጨው ያድላሉ፣ መንገድ ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ሱቋ ውስጥ የሚሸጠው መርፌ፣ ክርና ሳሙና ብቻ ነበር። ሆኖም ከኡካ እስከ ቡሬ ያለ ነጋዴ በዚያ በረንዳ አረፍ ሳይል በቅሎውን አይጭንም።

ኮረብታው ላይ ባለው ቤት የሚኖረውን ጣሊያን ግን እንግዳ ነው ብዬ ነበር የማስበው። ባንዲራ ሰቅሏል፤ እንግዳ የራሱን ነገር ይዞ ቢመጣ ምን ይገርማል? ወታደሮቹ ዶሮ ይፈልጋሉ፣ እንቁላል ይፈልጋሉ፣ ለበቅሎዎቻቸው ገብስ ይፈልጋሉ። እንግዳ ሲመጣ እናቴም እንዲሁ ትዋከባለች። ትልልቆቹ ስለ እሱ ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉት፣ ብዙ ቆየብን ማለቱ አሳፍሯቸው መስሎኝ ነበር።

ጋሼ ሙነወር ሲፈርዱ ማየት እወድ ነበር። አንድ ቀን ጎረቤታችን እትዬ ሻሽቱ፣ በጌን ነገራ በላብኝ ብላ ከሰሰች። ነገራ የሚባለው ጎረምሳ ዱላውን ተደግፎ ቆመ።

«በጉን በላኸው ወይስ አልበላኸውም?» አሉት።

«ጋሼ፣ ጅብ ነው የበላው።»

«ጅቡ ነው ቆዳውን ገፎ አጥርህ ላይ ያሰጣው?»

በረንዳው ሁሉ ሳቀ። ነገራም መሳቅ ጀምሮ ነበር፤ ጋሼ ሙነወር እንዳልሳቁ ሲያይ ተወው።

«እንግዲህ ለጅቡ ንገረው» አሉት። «እስከ ሐሙስ ለእትዬ ሻሽቱ በግ ይዞ ይምጣ። ከቀረ እኔ ራሴ ጅቡን አነጋግረዋለሁ።»

በጉ ረቡዕ መጣ፤ ከጠፋውም የሰባ።

ኮሌጅ ገብቼ አስተማሪያችን መንግሥት ማለት ግብር የሚሰበስብ፣ ዳኝነት የሚሰጥና ዱላውን ብቻውን የያዘ አካል ነው ሲል ብዕሬን አስቀምጬ ሳቅሁ። ጋሼ ሙነወር የኮንትሮባንድ ነጋዴዎች አለቃ ነበሩ። ጣሊያን ቡናውን ሁሉ ለራሱ ኩባንያ፣ እሱ በቆረጠው ዋጋ ሽጡ ብሎ አውጆ ነበር። የእሳቸው ሰዎች ግን ቡናውንና ሽቶ የሚሠራበትን ዝባድ በሶር ጫካ አዙረው፣ ኬላውን ሸሽተው፣ ከቡሬ ቁልቁል ወደ ጋምቤላ ያወርዱታል። እንግሊዞች ከሚነግዱበት ከዚያ ደግሞ ጨውና አቡጀዲ ይዘው ይመለሳሉ። ከማን ላይ ምን እንደሚወሰድ፣ ማን እንደሚያልፍ፣ ማን እንደማያልፍ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። እንግዲህ ከአስተማሪያችን ዝርዝር ውስጥ የጎደላቸው ባንዲራ ብቻ ነበር።

አባቴ ታጁዲን ጥሪኝ አርቢ ነበር፤ አባቱም እንዲሁ። ከጓሯችን፣ ከእንሰቱ ኋላ፣ መስኮት የሌላት ክብ ጎጆ አለች። ጥሪኞቹ በውስጧ፣ እያንዳንዳቸው ዞር ማለት እንኳ በማይችሉበት ጠባብ የእንጨት ጎሬ ይኖራሉ። እሳት አይጠፋባትም። አባቴ ገንፎ በቅቤ፣ ሥጋ፣ አንዳንዴም እንቁላል ያበላቸዋል፤ ዝባዱን በቀንድ ማንኪያ እየጠረገ በበሬ ቀንድ ያጠራቅማል። ዝባድ ሲቀርቡት ያስነጥሳል፣ ራቅ ሲሉት ደስ ይላል። አባቴ መስጊድ ሲሄድ ሰው ገና ከመታጠፊያው በጠረኑ ያውቀው ነበር።

ወደዚያች ጎጆ ከእሱ በቀር ማንም አይገባም። የባዕድ ዓይን ያረፈበት ጥሪኝ ዝባዱ ይደርቃል። እናቴ ዘህራ እንኳ ገንፎውን ደጃፉ ላይ አስቀምጣ ትመለሳለች። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ደፉ ላይ እንድቀመጥ ይፈቀድልኝ ነበር፤ ስለዚህ ጥሪኞቹን የማውቃቸው በድምፃቸው ነው። ከሁሉ የሚያጉረመርመውን፣ አባቴን ደጋግሞ የነከሰውን ሽማግሌ፣ ቀኛዝማች እንለዋለን። አባቴ በገበያ ለሰው ሁሉ «እሺ» የሚል ሰው ነበር። በዚህ ዓለም «አይቻልም» የሚልበት አንድ ደጃፍ ቢኖረው ያ ነው። ከዚያ ሲወጣ ትከሻው ሰፍቶ ይታየኝ ነበር።

አንድ ማለዳ በቅሏችን ዳለቻ ከበረት ጠፋች።

አባቴ እኔን አስከትሎ ወደ በረንዳው ሄደ። ወደ ኮረብታው ቀና ብሎ እንኳ አላየም፤ እኔም አልገረመኝም። የጠፋ በቅሎ ለእንግዳ ይነገራል?

«ጋሼ ሙነወር፣ ዳለቻ ጠፋችብኝ።»

«ዳለቻ? ያቺ እንደ ሙሽራ የምትራመደዋ?»

«እሷው ነች።»

«ተቀመጥ እስቲ። ለታጁዲን ሻይ አምጡ! ለልጅቷም ስኳር ጨምሩላት።» ከዚያ ድምፃቸውን አለዝበው ጠየቁት። «ጥሪኞችህ እንዴት ናቸው?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ናቸው።»

«ቤቷ አታፈስም?»

«አታፈስም።»

«እንግዳ አይገባባትም አይደል? ጎረቤት፣ ወታደር፣ ማንም?»

አባቴ ወደ ብርጭቆው አየ። ሻዩ ላይ ዝንብ ወድቃ ነበር፤ በጣቱ አወጣት። «ማንም አይገባም» አለ።

«ጥሩ ልማድ ነው። የአባቶቻችን ልማድ መጠበቅ አለበት። በቅሎዋን ተዋት፤ በእኔ አገር በቅሎ አይጠፋም።»

እንዴት ያሉ ጨዋ ሰው ናቸው አልኩ በልቤ። ሰው በቅሎ ጠፋብኝ ሲላቸው፣ ሌሎቹ እንስሳት ደህና መሆናቸውን አስቀድመው ይጠይቃሉ።

በማግስቱ ዳለቻ ተመለሰች። ተቦርሻ ነበር፤ ሆዷም ሞልቷል። አንገቷ ላይ ከእንሰት ቃጫ የተገመደ ቀጭን ገመድ፣ ቋጠሮው ወደ ግራ ታስሮላታል። ጌጥ መስሎኝ እኔም ለአሻንጉሊቴ አሰርኩላት። አባቴ ግን ደስ አላለውም። የጥሪኝ ቤቱ ደፍ ላይ፣ እኔ በምቀመጥበት ቦታ፣ እንደ እኔ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ።

«በቅሎዋን መለሱ፣ ቤቱን ወሰዱ» አለች እናቴ።

ዞሬ አየሁ። ቤቱ ቆሟል። ጎጆዋም ቆማለች። እናቴ አንዳንዴ እንዲህ የማይሆን ነገር ትናገራለች።

ባለፈው ክረምት ከኮሌጅ ለእረፍት መጥቼ ይህን ለእናቴ አነሳሁባት። ጎመን እየቀነጠሰች ነበር።

«ማን የሰረቃት መስሎሽ ነበር?» አለችኝ።

«ወንበዴ ነዋ።»

«ወንበዴውማ በረንዳው ላይ ተቀምጦ አባትሽን ሻይ ጋበዘው።»

«አባዬ ያውቅ ነበር?»

«ከቤት ሲወጣ ያውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ሄደ?»

«ወዴት ይሂድልሽ? ጣሊያን ዘንድ? ጣሊያን በቅሎዋን ፈልጎ ያገኛት ነበር፤ ከዚያ መትረየሱን ይጭንባታል። እነዚህ ቢያንስ ይመልሳሉ።» ጎመኑን ወደ ሰፌዱ ወረወረችው። «ስትማሪ ይሻልሻል ብዬ ነበር። ጭራሽ ትጠይቂ ጀመር።»

ቃጫውም ጌጥ አልነበረም። ቋጠሮው ወደ ግራ የዞረ ገመድ ያለበትን ጭነት፣ ከኡካ እስከ ቡሬ ያለ ሽፍታ ሁሉ ጫፉን አይነካም። ሽፍቶቹም የጋሼ ሙነወር ስለነበሩ አስቸጋሪ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ አክስቴ ዲሪቤ ዘንድ ኡካ ላኩኝ። ስመለስ የጥሪኝ ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ የሚያጉረመርመው ቀኛዝማች ብቻ ነው። እኔ ምክንያቱን ወዲያው አወቅሁ፤ ሌሎቹ ጠግበው ተኝተዋል። ምግባቸው በጆንያ መምጣት ጀምሯላ! ዳለቻና የማላውቃቸው በቅሎዎች ተጭነው ይመጣሉ፤ አባቴ ከሰዎቹ ጋር ተሸክሞ ያስገባል። ሌላ ጆንያ ደግሞ ይወጣል። እንስሳ ያን ያህል ከበላ የሚወጣው ምን እንደሆነ ለማወቅ መማር አያስፈልግም። ብቻ ሽታው ደስ ይል ነበር፤ ቡና ቡና ይሸታል። ጥሪኝ የቡና ፍሬ እንደሚበላ አባቴ ነግሮኝ ስለነበር ይህም አልገረመኝም።

ጥሪኞቹን የጋሼ ሙነወር ሰዎች ወደ ሌላ ቦታ ወስደዋቸው ነበር። «ለሽታ አንዱን ተዉልኝ» ብሎ አባቴ ቀኛዝማችን አስቀረ። ጎጆዋ ግማሿ ጨው፣ ግማሿ ቡና ሆነች። ባለቤቷ በገዛ ደጃፉ እየተጠራ በር ይከፍታል፣ እየታዘዘ ይዘጋል።

ቢሆንም ያን ዓመት ደስ ብሎን ነው የኖርነው፤ ይህን መካድ አልችልም። በሌላው ከተማ ሰው ወጡን በአመድ ውኃ ሲያጣፍጥ እኛ ጨው አልጠፋብንም። ጋሼ ሙነወር ባል ለሌላቸው ሴቶች በነፃ ያድሉ ነበር። እናቴ አዲስ አቡጀዲ ለበሰች። ከብት አይሰረቅም፤ ሰካራም እንኳ በገበያ ሲሳደብ በለሆሳስ ነው።

ደበሳ የሚባለው ጫኚ ብቻ በዚያ ዓመት ሚስቱን፣ ልጆቹንና እንስራውን ይዞ ወደ ጎሬ ከተማ ሄደ። እናትየዋ ራሷ ላይ ድስት ተሸክማ ስታልፍ ሰርግ የሚሄዱ መስሎኝ እጄን አውለበለብኩላቸው። ትንሿ ልጃቸው መለሰችልኝ። ሰርግ አልነበረም። ደበሳ ለኩባንያው ሰዎች አንዲት ነገር ሹክ ብሎ ነበር፤ በማግስቱ ጎተራው ተቃጠለ። ማንም አልሞተም። ጋሼ ሙነወር በዚህ ይመኩ ነበር ይባላል። ደበሳ በምን እንደተመካ የነገረኝ የለም።

ወላጆቼ የፈሩት ቀን በጠራራ ፀሐይ መጣ። ኩባንያው ቡና አልደረሰኝም ብሎ ስለጮኸ፣ ኮረብታው ላይ ያለው ካፒቴን የየጓሮውን ጎጆ ሊፈትሽ ወረደ። ለጣሊያን የተቀጠሩት ጥቁር ወታደሮች፣ አስካሪዎቹ፣ ከሰሜን የመጡ ነበሩ፤ አማርኛ ይሰማሉ፣ ኦሮምኛ ግን አያውቁም። አስተርጓሚው አብደታ የመቱ ልጅ ነው፤ ጣልያንኛውን ከሚሲዮኖች ዘንድ ነው የተማረው። ጥቁር ጃኬት ለብሶ፣ ጢሙን ቀብቶ፣ ሁልጊዜ የሰው ሰርግ ሚዜ ይመስል ነበር።

ካፒቴኑ ወደ ጥሪኝ ቤቱ አመለከተ። አባቴ በሩ ፊት ቆመ። እንዲህ ፈዝዞ አይቼው አላውቅም።

«ጥሪኝ ነው ጌታዬ። የባዕድ ዓይን ካየው ዝባዱ ይደርቃል። ልማዳችን ነው።»

አብደታ ተረጎመ። ካፒቴኑ ትከሻውን ነቀነቀና አንድ እርምጃ ወደ በሩ ቀረበ። ደፉ ላይ ተቀምጬ ሲያየኝ ግን ቆመ፤ ጎንበስ ብሎ ከኪሱ ካራሜላ አወጣ።

«ውስጥ ምን አለ? ይልሻል» አለኝ አብደታ በኦሮምኛ።

እኔም በኦሮምኛ መለስኩ። የማውቀውን የሚጠይቀኝ ሰው በማግኘቴ ደስ ብሎኝ ነበር።

«ጥሪኝ ነው። ብዙ ናቸው። ምግባቸው በጆንያ ይመጣል፤ ኩሳቸውም በጆንያ ይወጣል። ኩሳቸው ቡና ቡና ይሸታል።»

እናቴ ከማሰሮ ወተት እየገለበጠች ነበር። ወተቱ ሞልቶ በእጇ ላይ ሲፈስ አየሁት፤ ማሰሮውን አላቀናችውም።

«ማየት ከፈለገ ግን ጋሼ ሙነወርን ያስፈቅድ» አልኩ። «ሞቱማው፣ መንግሥቱ፣ እሳቸው ናቸው። እሱ እንግዳ ነው፤ ስላልነገራችሁት ነው እንጂ እንግዳ እንዲህ ሰው ጓሮ አይገባም።»

አብደታን ጢሙ ላይ ላብ አቸፈቸፈው። ጉሮሮውን ጠራረገና ጣልያንኛ ጀመረ። እኔ ካልኩት ይልቅ በጣም ረጅም ነበር። መሃል ላይ ወደ ጎሬ አቅጣጫ አመለከተ፤ በሐዘን ራሱን ነቀነቀ፤ በመጨረሻም ትንሿን ጣቱን አሳይቶ ወደ ታች አጠፋት።

ካፒቴኑ ከልቡ ሳቀ። ከሳቀ በኋላ በሩን አየው። ውስጥ ቀኛዝማች አጉረመረመ፤ ሽታው በስንጥቁ ወጣ። ካፒቴኑ መሳቁን ተወና ቀበቶውን አስተካከለ። በዘንጉ በሩን ሊገፋ ዘርግቶ ነበር፤ ዘንጉን መለሰው። ካራሜላውን እጄ ላይ አስቀምጦ ጉንጬን ነካ አደረገኝና፣ ሰዎቹን አስከትሎ ወጣ።

እንግዳ ቢሆንም ሥርዓት ያውቃል አልኩ። ጋሼ ሙነወርን ሊያስፈቅድ የሄደ መስሎኝ በሩ ላይ ጠበቅሁት።

አብደታ ያለውን የሰማሁት ካደግሁ በኋላ፣ ከራሱ አፍ ነው። «ልጅቷ የምትለው» ብሎ ተርጉሞለታል፣ «ይህን እንስሳ ያየ ባዕድ ወንድ እሱም እንደ ዝባዱ ይደርቃል። ጎሬ ላይ አንድ መኮንን በጉልበት ገብቶ አየ፤ ሚስቱ ከአገሯ ድረስ መጥታ እያለቀሰች ተመለሰች።» ካፒቴኑ ገና የታጨ ነበር፤ የእጮኛው ፎቶግራፍ ጠረጴዛው ላይ ነው።

«ባያምንህስ?» አልኩት።

«አላመነኝማ» አለ አብደታ። «የተማረ ሰው ነው፤ እንዴት ያምነኛል? ግን ለቡና ብሎ መሞከርም አልፈለገም።»

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ጋሼ ሙነወር፣ ወሬው ከአብደታ ደርሷቸው፣ ራሳቸው ቤታችን መጡ። ሰው ወደ እሳቸው ይሄዳል እንጂ እሳቸው የሰው ደጃፍ ሲረግጡ አይቼ አላውቅም። ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ሞቱማው ማን ነው አልሽ?»

«እርስዎ ነዎታ።»

አባቴ ዓይኑን ጨፈነ። ጋሼ ሙነወር ሳቁ፤ ሆዳቸው እስኪነቃነቅ።

«ስማ ታጁዲን፣ ይቺ ልጅ ወይ ትማር ወይ ትታሰር። ከእንግዲህ ደፍ ላይ እንዳላያት።»

ከማግስቱ ጀምሮ አብደታ ዘንድ ፊደል መቁጠር ጀመርኩ። ለጀግንነቴ የተሰጠኝ ሽልማት ነበር የመሰለኝ፤ ጓደኞቼ ላይም ተኩራርቼበታለሁ። ከጓሮ ሊያርቁኝ ነበር። ዛሬ ያለሁበት ያደረሰኝ የአንድ ኮንትሮባንዲስት ጥንቃቄ ነው፤ እንዳፍርበት የሚጠብቅ ሰው ካለ ብዙ ይጠብቃል።

ጣሊያን ሲወጣ ሰዉ ሁሉ ጨፈረ፤ እኔም እንግዳ በመሄዱ ይህን ያህል መጨፈር ነውር ነው ብዬ ጥግ ቆምኩ። የንጉሡ መንግሥት ተመልሶ ሰው መሾም ሲጀምር፣ መንገዱን ሁሉ፣ ጫኚውን ሁሉ፣ መሸሸጊያውን ሁሉ የሚያውቅ ሰው አስፈለገው። እንዲህ ያለ ሰው በአገሩ አንድ ነው። ጋሼ ሙነወርን የቀረጥ ሹም አደረጓቸው።

አዋጁ ሲነበብ እኔ ምን አዲስ ነገር እንደተነገረ አልገባኝም። የገባኝ በኋላ፣ ካኪ ኮት ለብሰው፣ ጃንጥላ ይዘው፣ ከሁለት ዘበኛ ጋር ጓሯችን ሲገቡ ነው። አስር ዓመት ሆኖኝ ነበር፤ ጆንያው ውስጥ ምን እንደነበረም አውቄያለሁ።

«ታጁዲን፣ የመንግሥት ሥራ ነው» አሉ፤ ድምፃቸው ከኮቱ ጋር የተሰፋ ይመስላል። «ቀረጥ ያልተከፈለበት ቡና በየጓሮው አለ ተብሏል። ይቺን ጎጆ ክፈትልኝ።»

አባቴ በሩ ፊት ቆመ። ለካፒቴኑ የቆመበት ቦታ ነው፤ አቋቋሙ ግን ሌላ ነው።

«አይቻልም ጋሼ ሙነወር።»

ዘበኞቹ ተያዩ።

«ምን አልክ?»

«ጥሪኝ ነው ያለው። የባዕድ ዓይን ካየው ዝባዱ ይደርቃል።» ከዚያ በዝግታ፣ ቃል በቃል ጨመረበት። «የአባቶቻችን ልማድ ነው። መጠበቅ አለበት ብለውኝ ነበር እርስዎም።»

ጋሼ ሙነወር አባቴን አዩት። በሩን አዩት። ዘበኞቹን አዩ፤ ዘበኞቹ የመቱ ልጆች ናቸው፣ ልማዱን ያውቃሉ፣ ከዓይናቸው ይልቅ ጆሯቸው ቆሟል። ልማዱ ውሸት ነው ቢሉ፣ ከየት አወቁት ሊባሉ ነው። ጃንጥላቸውን ዘረጉ፤ ዝናብ አልነበረም።

«ደህና ናቸው?» አሉ በመጨረሻ።

«አልሐምዱሊላህ።»

«ቤቷ አታፈስም?»

«አታፈስም።»

ራሳቸውን ነቅንቀው ወጡ። አጥሩን ካለፉ በኋላ ሲስቁ ሰማኋቸው፤ የድሮውን ሳቅ።

አባቴ ወደ መስጊድ ሲሄድ ጎጆዋን ዞሬ፣ ከጀርባዋ ጭቃው የተሰነጠቀበትን ቦታ አገኘሁና ዓይኔን አስጠጋሁ። እስከ ጣሪያው የተከመረ የቡና ጆንያ ነበር፤ የአባቴ የራሱ፣ ቃጫ ያልታሰረበት። ከላይ፣ ጥርሱን አሳይቶ፣ በጨለማው ውስጥ ዓይኖቹ እያበሩ፣ ያረጀው ቀኛዝማች ተቀምጧል። አጉረመረመብኝ። ሽታው አስነጠሰኝ፤ ዝባዱ አልደረቀም።